የእትዬ ቲማቲም

ፀጉር አስተካካዩ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳጥር እንጂ ሲያሳድግ አልኖረም። ደንበኞቹም ቤቱ ውስጥ ቲማቲም መዝራቱን ሲሰሙ፣ «ወዳጄ፣ አንተ እኮ የነካኸው ሁሉ ይላጫል!» እያሉ አሾፉበት። እሱም አብሯቸው ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ለምን እንደዘራ ቢነግራቸው ምላጭ የያዘ እጁ አንገታቸው ላይ ሊንቀጠቀጥ ነው።

የዘራው ለእትዬ ነው። እትዬ ታላቅ እህቱ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ወዲህ አጥባ፣ አብልታ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን በሽታ አልጋ ላይ አውሏታል። ብርሃን ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ራሷን ለሁለት የሚሰነጥቅ ሕመም ይነሣባታል፤ ስለዚህ የመኝታ ቤቷ ወፍራም መጋረጃ ቀንም ሌትም አይከፈትም። ሐኪሙ መድኃኒቱ እንዲሠራ መብላት አለባት ይላል። እሷ ግን መብላቱን ትታዋለች። «ነገ ምን ልግዛልሽ?» ሲላት፣ «ነገን ማን አየው?» ትለዋለች። እሱን የገደለው ይኸ ነው።

ታዲያ አንድ ቀን ከገበያ የዘር ፓኬት ይዞ መጣ። የእንቁላል ካርቶን ውስጥ አፈር ሞላ፣ ዘሩን ቀበረ፣ በፀጉር ቤቱ የውኃ መርጫ ጠርሙስ አርከፈከፈበትና አልጋዋ አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ አኖረው። እትዬ አየችውና፣ «አሁን አንተ ገበሬ ሆነህ ሞተሃል!» አለች። ከቀለደች ስንት ጊዜዋ ነበር!

ችግኞቹ ሲበቅሉማ ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። በድንግዝግዙ ውስጥ ጎንበስ ብላ ትዳብሳቸዋለች፤ ወንድሟ ከሥራ ሲመጣ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ወሬዋ እነሱ ናቸው። «ረዘሙ እኮ! የትናንቱን ታስታውሳለህ?» እሱም የገባው ሰው ይመስል ጣቱን አቁሞ ይለካና፣ «እንዳንቺ መለሎ ሊሆኑ ነው» ይላታል።

«ፍሬ እስኪይዙ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አለችው አንድ ምሽት። «እስከዚያ መነሣት አለብኝ። አንተማ ከነቅጠሉ ነው የምትላጨው።»

ያን ዕለት የቀረበላትን ሾርባ ጨረሰችው። እሱ ወጥ ቤት ገብቶ ባዶውን ሳህን እንደያዘ አለቀሰ።

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። ፀጉር አስተካካዩ ትልልቅ የችግኝ መትከያ ዕቃ ሊገዛ ገበያ ዳር ካለችው ችግኝ ሻጭ ዘንድ ሄደና ስለ ችግኞቹ ቁመት ሲኩራራ ሴትዮዋ አቋረጠችው።

«ቀጫጭን ናቸው? ነጣ ያሉ?»

«አዎ፣ ግን ቁመታቸውን ብታዪ...»

«ወንድሜ፣ እሱ እድገት አይደለም። ብርሃን አጥተው ነው የሚንጠራሩት። በዚሁ ከቀጠሉ አንድም አይተርፍልህም። ወደ መስኮት አስጠጋቸው፤ ግን ቀስ በቀስ አለማምዳቸው፣ ድንገት ፀሐይ ከመታቸው ይቃጠላሉ።»

መትከያውን ሳይገዛ ተመለሰ። ችግኞቹን ብርሃን ወዳለበት ክፍል ቢወስዳቸው እትዬ የምታየው ነገር ታጣለች፤ ቢተዋቸው ደግሞ ዓይኗ እያየ ያልቃሉ።

«እትዬ፣ ችግኞቹን ፀጉር ቤት ልውሰዳቸው? ደንበኞቼ ይዩልኝ ብዬ ነው።»

«ውሸት አትችልም፤ ልጅ ሆነህም አትችልም ነበር። ምን ሆኑ?»

ነገራት። ብርሃን እንዳጡ፣ መስኮት እንደሚያስፈልጋቸው ነገራት። ቀስ በቀስ ስለ ማለማመዱ ግን አላነሣላትም፤ እሱ የኔ ሥራ ነው ብሎ። እትዬ ወደ መጋረጃው ዞረችና፣ «በኔ የተነሣ ነዋ ጨለማ የዋጣቸው» አለች።

«ኧረ ምን በወጣሽ! ከሥራ ስመለስ አንድ መላ እንፈልጋለን።»

በማግስቱ ለምሳ ሲመለስ ከመኝታ ቤቱ በር ሥር ብርሃን ሾልኮ ኮሪደሩ ላይ ተዘርግቷል። ሮጦ ሄደ። በሩን ሲከፍት መጋረጃው ከዳር እስከ ዳር ተገልጧል፤ ካርቶኑ መስኮቱ ላይ፣ የቀትር ፀሐይ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ወለሉ ላይ ናት። ዓይኗን በሻሽ ጠፍራ አስራለች፤ ከንፈሯ በሕመም ደርቋል፤ ግን ፈገግ ብላለች።

«መጣህ? ጠዋት አንተ እንደወጣህ ነው የከፈትኩላቸው። ጠገቡ?»

አያቸው። አንዳቸውም አልቆሙም። ቅጠላቸው ነጥቶ፣ እንደ ረጠበ ክር አፈሩ ላይ ተዘርረዋል።

«ጠግበዋል» አላት።

«እስቲ አምጣልኝ፤ ልንካቸው።»

ካርቶኑን ጭኗ ላይ አደረገላት። አንዱን ችግኝ በሁለት ጣቶቹ አንሥቶ ቀጥ አድርጎ ያዘው። የእትዬ እጅ አየሩን እየዳበሰ መጣ፤ ቅጠሉን ነካ፣ ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ፣ ወርዶ ወርዶ የወንድሟ ጣቶች ላይ ደረሰና ቆመ። ችግኙን ያቆሙት እነሱ ነበሩ።

ፈገግታዋ ከፊቷ ሲጠፋ አየ።

«ልቀቀው» አለችው ቀስ ብላ። «ልቀቀው የኔ አባት፤ ደክሞሃል።»

«እትዬ፣ ሌላ ዘር እኮ አለ። ግማሹ ፓኬቱ ውስጥ ነው፣ እንደገና እዘራለሁ...»

«መጋረጃውን ዝጋልኝ።»

ዘጋው። በጨለማው ውስጥ አጠገቧ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ። ልጅ ሆኖ ሲያለቅስ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ታባብለው ነበር፤ ያን ቀን ግን እሱ አለቀሰ፣ የእሷም እጅ ከካርቶኑ ላይ አልተነሣም።