«እኔ» ያለው ማን ነበር?

እስቲ አንተ አንባቢው መልስልኝ፤ አፉን ለሌላ ሰው ያዋሰ ሰው ቢዋሽ፣ ውሸቱ የማን ነው? ቶሎ አትመልስ። ቶሎ የመለሰች አንዲት ሴት አውቃለሁ።

«‹አባዬ አረገዘ› ብላ እያለቀሰች እናቷ ጋ የሮጠችው እኮ ይቺ ናት!» አለች አክስት፣ የሟች ወንድሟን ልጅ በአገጯ እየጠቆመች። ሳሎኑን የሞላው ለቀስተኛ ሐዘኑን ለአፍታ ረስቶ ሳቀ። ልጅቷም ሳቀች። ወሬው እውነት ነው። አባቷ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ነበር። መስማት የተሳናት ሴት ለሐኪሟ በእጇ «ነፍሰ ጡር ነኝ» ካለች፣ እሱም ጮክ ብሎ «እኔ ነፍሰ ጡር ነኝ» ይላል እንጂ «ናት» አይልም። የሙያው ደንብ ነው። ያን ቀን ሕፃኗ ልጁ ጥግ ላይ ተቀምጣ ስትሰማ ዓለም ተገለባበጠባት።

«ማታ ምን ብሎ አባበላት መሰላችሁ?» አለ ጠበቃው፣ የሟቹ የልብ ወዳጅ። «‹እኔ ስል እኔ አይደለሁም› አላት። ሠላሳ ዓመት ችሎት አብረን ስንውል አንዲት ቃል አልጨመረም፤ አንዲት ቃል አልቀነሰም።»

ልጅቷ አንገቷን ቀና አደረገች። ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምግባር ታስተምራለች። ባልደረቦቿ ማንም ሰው ሰዓቱ ከደረሰ ይዋሻል ሲሏት፣ ጠረጴዛ እየደበደበች «ለራሳችሁ ስንፍና የሰውን ተፈጥሮ አትክሰሱ! ሰው ማለት የለመደው ነው» ትላቸው ነበር። ማስረጃዋ አባቷ ነው። ሌላ ማስረጃ ፈልጋ አታውቅም።

አንድ አናጢ የገባው ይሄኔ ነው። መስማት አይችልም። አባቷ ሆስፒታል ሳለ አልጋው አጠገብ አይታዋለች። አክስት ወንበር ሳበችለት፤ አልተቀመጠም። ሳሎኑ መሃል ቆሞ ለልጅቷ በእጁ መናገር ጀመረ። ከእሷ በቀር የእጅ ንግግር የሚያነብ እዚያ አልነበረም።

«ለሁሉም ንገሪልኝ» አለ። «አለቃዬ ከደረጃ ወድቆ የሞተ ጊዜ፣ ዳኛው ‹ገፍተኸዋል ወይ?› ብሎ ጠየቀኝ። ‹አዎ፣ የእጄን ንግግር እያስመሰለ ሲቀልድብኝ ገፋሁት› አልኩ። አባትሽ ግን በድምፁ ‹አልገፋሁትም፤ ራሱ አዳልጦት ነው› አለ። ለቀቁኝ።»

ልጅቷ ክው አለች።

«ምን እያለ ነው፣ የኔ ልጅ?» አለች አክስት።

«ደግ ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማር ነው የሚለው።»

ቃሉን የሰማችው ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው። አላሰበችበትም። አልፈራችም እንኳ፤ ለመፍራት ጊዜ አልነበራትም። ምላሷ ሳያስፈቅዳት ሄዶ፣ ዋሽቶ ተመለሰ። ያ ሁሉ ጠረጴዛ የተደበደበለት ልማድ ምን ዋጠው?

አክስት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለአናጢው አንገቷን ሰበር አደረገች። አንዲት ጎረቤት «ተባረክ» አለችው። አናጢው ፊቶቹን አንድ በአንድ አየና ወደ ልጅቷ ዞረ።

«ያልኩትን አላልሽም። ይህን የሰማ ፊት እንዲህ አይሆንም።» እጆቹ ፈጠኑ። «ያን ቀን የዳኛውም ፊት እንዲህ ለስልሶ ነበር። እውነቱን ተናግሬ ይቅር ያሉኝ መሰለኝ። ይቅር እንደተባለ ሰው ሠራሁ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ። የአለቃዬን እናት መንገድ ላይ ሳገኛት ጎንበስ ብዬ ሰላም እላታለሁ፤ ፊቷን ታዞርብኛለች። ሁሉም ይቅር ሲለኝ ምን ዓይነት ቂመኛ ናት ብዬ ታዘብኳት። እሷን! አባትሽ በአንድ እጁ ግሉኮስ ተሰክቶ፣ በሌላኛው እጁ እውነቱን ባይነግረኝ ኖሮ እስክሞት እታዘባት ነበር።»

ጠበቃው ብድግ ብሎ ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ። የእጅ ንግግር አያውቅም፤ አናጢውን ግን ያውቀዋል፤ ያኔ ጥብቅና የቆመለት እሱ ነው።

«የመጣበት ገብቶኛል» አለ ጆሮዋ ሥር። «ያጽናችሁ ብሏል በይና ሸኚው። ማን ያውቅብሻል?»

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር?»

«አባትሽ ሰው አዳነ። መስማት የማይችል ሰው እስር ቤት ምን እንደሚደርስበት ታውቂያለሽ? ክፍል ውስጥ የምትሰብኪው ጽድቅ እዚያ ግቢ አይገባም።»

«አዳነው ወይስ አፉን ቀማው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል!»

«ይስማ!»

ተነሥታ እጆቹን ፊት ለፊት ማየት ከምትችልበት ቦታ ቆመች። በእጇ «ድገመው» አለችው። ደገመው። እሷም ጮክ ብላ፦

«እኔ አለቃዬን ገፍቼ ገድያለሁ» አለች።

አንዱ ሽማግሌ «እሷ ናት?» ብሎ ጎረቤቱን ጎሸመው። አሁን ግን የሳቀ አልነበረም። እሷ ቀጠለች፤ የእንጨት ደረጃውን፣ የተቀለደባቸውን እጆች፣ የዳኛውን ጥያቄ፣ አባቷ በሰው ስም ያለውን ሁሉ በ«እኔ» ተናገረች።

«ዝም በይ!» አለች አክስት ነጠላዋን ከአፏ ላይ አንሥታ። «ወንድሜ አፈር ሳይደርቅበት! የወለደሽን አባት!»

«ከዚህ ወጥቼ የአለቃዬ እናት ጋ እሄዳለሁ» አለች ልጅቷ በአናጢው ፋንታ፣ ዓይኗን ከእጆቹ ሳትነቅል። «ፊቷን ብታዞርብኝ አልታዘባትም።»

አናጢው እጆቹን አወረደ። ጨርሷል። ልጅቷ ግን አልተቀመጠችም። ወደ ጠበቃው ዞረች፤ እሱ ወደ በሩ እያየ ኮቱን እየቆለፈ ነበር።

«አሁን የምናገረው እኔ ነኝ» አለች። እየተናገረች እጆቿም ቃሉን እየተከተሉ ለአናጢው ያደርሱለት ነበር። «አባቴ ሞቷል፤ ልጠይቀው አልችልም። እርስዎ ግን አሉ። ያን ውሸት ብቻውን ፈጠረው ወይስ ከችሎት በፊት እርስዎ አስጠኑት? ለእኔ ጆሮ አይንሾካሾኩ። እዚህ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይናገሩ።»

መልሱን ለአናጢው ልትተረጉም እጆቿን ደረቷ ፊት አነሣች። አላወረደቻቸውም።

«ጋሼ፣ ይመልሱ!»