ሳትጻፍ የቀረችው ዘፈን

ሦስቱ ሽማግሌዎች ሳሎኑ መሃል ቆመው አንቀመጥም አሉ።

«ጉዳያችን መልስ ሳያገኝ እንዴት እንቀመጣለን?» አሉ ሐጂ ሚስባህ። ጉርድ ሾላ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ ሰፈሩ ለዕርቅም ለጋብቻም የሚያስቀድመው እሳቸውን ነው።

ጓዳ ውስጥ ወይዘሮ አዝመራ ደረታቸውን ያዙ። ቅዳሜ ጠዋት፣ ሦስት ሽማግሌ፣ በዚያ ላይ አንቀመጥም ማለት። ያላገባች ልጅ ቤቷ ላለች እናት ከዚህ በላይ ምን ምልክት ያስፈልጋታል? ልጃቸውን ዲናን ክንዷን ጨምድደው ያዟት።

«ማነው ልጁ? ለእናትሽ እንኳ ሳትነግሪ?»

«ምንም አላውቅም፣ እማዬ።»

እውነቷን ነበር። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስትመለከት ግን በሩ ጋ፣ ከሽማግሌዎቹ ኋላ፣ ሰፊ ጂንስ የለበሰ ወጣት አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ኢዮስያስ። ዲና ክው አለች። ሽማግሌዎቹ የመጡት ለጋብቻ አለመሆኑን ከቤቱ ሰው ሁሉ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት።

ኢዮስያስ ራፕን በአማርኛ ይዞ ብቅ ያለ የላምበረት ልጅ ነው፤ አዲሱ ካሴቱ ከወጣ ገና አንድ ወሩ ነው። ዲና ደግሞ ኦሎምፒያ ቢሮ ባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የሙዚቃ ዓምድ ትጽፋለች። ባለፈው ሳምንት ካሴቱን በብዕሯ ቦጫጭቃዋለች። «አይቶት በማያውቀው አገር ሽጉጥ ይተኩሳል፤ ድምፁ ሳይቀር የውሰት ነው» ብላ ጽፋ፣ ሰው ጋዜጣውን እየተቀባበለ ስቆበታል። አዘጋጁ ታዴዎስም በሳቅ ፈርሶ «እንዲህ ነው እንጂ» ካላት በኋላ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «ግን ዕወቂው፣ እዚህ ቤት የጻፈውን መልሶ የሚያጥፍ ሰው ዓምድ የለውም» ብሏታል።

«እስቲ ይናገሩ» አሉ አባቷ አቶ ላጲሶ ኮታቸውን እየቆለፉ። እሳቸውም እንደ ሚስታቸው ሌላ ነገር እየጠበቁ ነበር።

«ልጅዎ ልጃችንን በጋዜጣ አዋርዳብናለች» አሉ ሐጂ። «የሚያከፋፍልለት ነጋዴ ካሴቱን መልሶለታል። እናቱ ከሰው ፊት አልቆምም ብላ ቤት ዘግታ ተቀምጣለች። በሚቀጥለው ጋዜጣ ‹ተሳስቻለሁ› ብላ ትጻፍልን፤ ያኔ እንቀመጣለን።»

ወይዘሮ አዝመራ ለሚሪንዳ ያወረዷቸውን አዳዲስ ብርጭቆዎች ወደ ቦታቸው መለሱ።

አቶ ላጲሶ ፊታቸው ተለዋወጠ። ልጄ ጋዜጣ ላይ ትጽፋለች እያሉ ለቸርቹ ሰው ሁሉ ያወሩ አባት ናቸው። ዲናን ጠሯት። ወጥታ ሽማግሌዎቹን ጎንበስ ብላ ጨበጠች።

«ሐጂ፣ ካሴቱን ሰምተውታል?»

«እኔ ዘፈን አልሰማም፣ ልጄ። የሰማሁት የእናቱን ለቅሶ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የእድሩ ሊቀ መንበር አቶ ገሰሰ፣ ለስለስ ብለው ጣልቃ ገቡ፤ «አንዲት መስመር እኮ ናት። ምን ይጎዳሻል?»

«ትጽፋለች» አሉ አባቷ። «በኔ ይሁንባችሁ። ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ዲና ደሟ ፈላ። በስሟ ቃል ተገባ፤ እሷን የጠየቃት የለም።

«አልጽፍም፣ አባዬ። ያልዋሸሁትን ዋሽቻለሁ አልልም።»

ሐጂ ሚስባህ ከተቀመጡበት ተነሱ። አቶ ላጲሶ ወለሉን ያዩ ጀመር። ሽማግሌ ተቆጥቶ የወጣበት ቤት በሰፈሩ ምን እንደሚባል ዲናም አልጠፋትም።

በዚህ መሃል ኢዮስያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ።

«ሽማግሌ የላከችው እናቴ ናት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አሥሩንም ዘፈን ከሰማሽ፣ አንዷንም አልወደድሽም?»

ዲና የመጨረሻዋን ዘፈን የካሴቱ ክር እስኪላላ ድረስ እየመለሰች ሰምታታለች። ታላቅ ወንድሙን ከላምበረት ወደ ግንባር ስለሸኘበት ጠዋት ናት። እዚያ ላይ አይፎክርም፤ በገዛ ድምፁ፣ አውቶቡሱ ከሄደ በኋላ ከቦታዋ አልነቃነቅ ስላለች እናቱ ያወራል። ዲና አልቅሳባታለች። ስትጽፍ ግን ዘለለቻት። ጽሑፉ እንዲነክስ ፈልጋ ነበር፤ ይቺ ዘፈን ጥርሱን ታዶለዱመዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አሁን አፍራለች።

«የለም» ብትል ያልቅ ነበር። ማንም አያውቅባትም።

«የመጨረሻዋን ወድጃታለሁ» አለች። «የወንድምህን።»

«ታዲያ ለምን አልጻፍሽም?»

«ጽሑፌን እንዳታለዝብብኝ። ሆን ብዬ ነው የተውኳት።»

አባቷ ቀና ብለው አዩዋት። ሐጂ ሚስባህ ፊታቸው ፈካ።

«ይኸው፣ ከራሷ አፍ ወጣ። እንግዲህ ሁሉም ጥሩ ነው ብላ ትጻፍ።»

«አይደለም፣ ሐጂ። ዘጠኙ እንደጻፍኩት ናቸው፤ አንድ ፊደል አልነካም። የደበቅኳትን ግን፣ መደበቄንም ጨምሬ እጽፋለሁ።»

«ዘጠኙም?» አለ ኢዮስያስ።

«ዘጠኙም።»

ከንፈሩን ነከሰ። ከዚያ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

አቶ ላጲሶ ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አዘጋጁ ዓምዱን ይነጥቅሻል እኮ፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ።»

ስልኩ ላይ የተደረበውን ዳንቴል ገፈፈችና የታዴዎስን ቤት ደወለች። መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ ተጫነችው።

«ታዴዎስ፣ ዲና ነኝ። ለዚህ ሳምንት ያስገባሁት አይውጣ። ያለፈውን ጽሑፌን የሚያርም ሌላ አመጣለሁ።»

«ስለ ዓምዱ ያልኩሽን አልረሳሽውም አይደል?» አለ ታዴዎስ። «አልረሳሁም» አለች ዲና፤ ስልኩንም ሳትዘጋ ጠበቀች።