እመቤታችን ከአድላ ቤት ያልወጣችበት ግንቦት

የላይ ሰፈሯን ራሒልን ብትጠይቋት፣ በዚያ ግንቦት የእመቤታችን ሐውልት ከአድላ ቤት ያልወጣችው ራሷ አልወጣም ስላለች ነው። ጎረምሶች ሊያነሷት ቢሞክሩ እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደቻቸው ትላለች። የታች ሰፈሩን ሸሊታን ብትጠይቁት ደግሞ፣ ሐውልቷ ከአንዲት የበግ ግልገል አትከብድም፤ እሱ በአንድ ክንዱ ይሸከማታል። ያልወጣችው የላይ ሰፈር ሰዎች ተራቸውንና የሰውን ተራ መለየት ስለማይችሉ ነው። ሁለቱም ይምላሉ፤ ሁለቱም ደግሞ የመሰላቸውን ነው የሚናገሩት። ነገሩን በትክክል የምታውቀው አድላ ነበረች፤ እሷ ግን ዝም አለች።

በዚያች የሊባኖስ ተራራ መንደር ግንቦት የማርያም ወር ነው። ሐውልቷ በየቤቱ እየዞረች ታድራለች፤ ባደረችበት ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ መቁጠሪያ ይደግማል። በማግስቱ አባወራው በሩ ላይ ቆሞ «ለእገሌ ቤት ሰጥተናል» ካላለ ማንም አይነካትም። አባወራው መናገር ቢያቅተውስ የሚል ጥያቄ እስከ ነህመ ድረስ ተነስቶ አያውቅም።

የአድላ ባል ነህመ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይና መሪ ዘማሪ ነበር። በዐቢይ ጾም ማብቂያ ስትሮክ መታውና ቀኝ ጎኑ ዛለ፤ ንግግሩም ጠፋ። የሚስቱን ስም እንኳ መጥራት አቃተው። አድላ ከአልጋ ወደ ወንበር ብቻዋን ስታነሳው ወገቧን ታመመች። ማታ ማታ አጠገቡ ተቀምጣ መቁጠሪያ ትደግማለች፤ እሱ ጣሪያውን ያያል። ልጃቸው ዱሚት ጁኒየ ከተማ ነው የሚኖረው፤ መጥቶ ሊወስዳቸው ወስኗል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ መብራት ሲኖር ይሠራል፤ መብራቱም ደስ ሲለው ይመጣል። አድላ ሌላ መላ ስላጣች እሺ ብላ ልብሷን ማጣጠፍ ጀምራለች።

እመቤታችንን የማሳደር ተራ ለአድላ የደረሳት ያኔ ነው።

ቤቷ የላይና የታች ሰፈር በሚገናኙበት ደረጃ ላይ ስለሆነ ሁለቱም ሰፈር መጣ። ራሒል እሸት ለውዝ በጨው፣ ሸሊታ አንድ ድስት ምስር በሩዝ ይዘው ገቡ። መቁጠሪያው አለቀና ቄስ ዮሐና ሊጣኒያውን ጀመሩ። እሳቸው የእመቤታችንን ስሞች አንድ በአንድ ይጠራሉ፤ ሕዝቡ ለእያንዳንዱ «ለምኚልን» ይላል። «የንጋት ኮከብ» አሉ ቄሱ። «ለምኚልን።» «የበሽተኞች ፈውስ።» «ለምኚልን።» በዚህ መሐል አንድ ወፍራም ድምፅ ከሌሎቹ በታች ገባ።

የራሒል መቁጠሪያ ከእጇ ወደቀ። «ማነው እሱ?»

«ማን ይሆናል፣ ነህመ ነዋ» አለ ሸሊታ። «ዝም ብለሽ ቀጥይ፣ እትዬ ራሒል፤ ታቋርጪበታለሽ።»

ነህመ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ደኅና እጁን ጭኑ ላይ መታ መታ እያደረገ፣ ከሕዝቡ እኩል «ለምኚልን» ይላል። ቃሉ አልተሰባበረም። ቄስ ዮሐና ሊጣኒያውን ጨረሱ፤ ነህመን አዩት፤ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። ማንም አላጉረመረመም፤ ምስሩ መቀዝቀዙን ያነሳው ሸሊታ ብቻ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አድላ በሩን ዘግታ «የንጋት ኮከብ» አለችው። ነህመ ጣሪያውን አየ። ደግማ ሞከረች፤ ምንም። ቃሉን የሚያወጣለት የብዙ ሰው ድምፅ ነው፤ ሕዝቡ ሲገፋው ይሄዳል፣ ለብቻው ሲሆን ይቆማል።

ማታ ሁለቱ ሰፈሮች ሐውልቷን ሊወስዱ መጡ።

«ተራው የኛ ነው» አለች ራሒል።

«አምናም እንዲሁ ብላችሁ ነው የወሰዳችሁት» አለ ሸሊታ። «እስቲ አባወራው ይናገር። ነህመ፣ ለማን ሰጠህ?»

«ለምኚልን» አለ ነህመ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ ነህመም በግማሽ ፊቱ ሳቀ። «በል አድላ ትንገረን» ሲሉ አድላ ድስቱ አረረብኝ ብላ ወደ ማድ ቤት ገባች። እሳት ላይ የተጣደ ድስት አልነበረም። ስትመለስ ሰዉ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ጀምሯል።

በሚቀጥለው ማታም እንዲሁ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም። ነህመን ማንሳትም የሰፈር ፉክክር ሆነ፤ ጠዋት የላይ ሰፈር ወንዶች፣ ማታ የታች ሰፈሮቹ። «ትናንት እንደ ጆንያ ነው የወረወራችሁት» ይባባላሉ። የአድላ ወገብ አረፈ። ነህመ «አሜን» ጨመረ፤ አንድ ማታም ለውዙን ቀምሶ «ጨው» አለ፤ ራሒል ጨው ፍለጋ ስትሮጥ ወንበር ገለበጠች።

አድላን የቆረቆራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። የሸሊታ እናት አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ እመቤታችን መቼ ነው የምትመጣው እያለች በየቀኑ ትጠይቃለች።

ዱሚት ወሩ ሳያልቅ መኪናውን ይዞ መጣ። በሩ ላይ የተደረደረውን ጫማ እያየ ገባና እናቱን ሳመ።

«ለቅሶ ነው እንዴ?»

«መቁጠሪያ ነው» አለችው። «ቁጭ በል።»

«እማዬ፣ እቃሽ የት አለ? አንቺ ብቻሽን አትችይውም። እዚያ ንግግር የሚያስተምር ባለሙያ አለ። ሰዎቹ ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ለግንቦት ነው የመጡት። ሐምሌ ላይ ማን ያነሳዋል?»

ጥያቄው የጥጋብ አልነበረም፤ አድላም ራሷ ስትጠይቀው የከረመችው ነው።

«ሐምሌ ላይ የት እንሄዳለን ብለህ ነው?» አለች ራሒል። «እዚሁ ነን። ከተወለድን ጀምሮ እዚሁ ነን።»

«እሷ ብትቀር እንኳ እኔ አለሁ» አለ ሸሊታ። «እንዲያውም ብትቀር ይሻላል።»

ቄስ ዮሐና ሊጣኒያውን ጀመሩ። ዱሚት የአባቱን ድምፅ ሲሰማ የመኪናውን ቁልፍ እንደያዘ ቀረ፤ ከዚያ ቁልፉን ኪሱ ከተተና እሱም «ለምኚልን» ማለት ጀመረ፤ እንደ ልጅነቱ፣ አንድ ጊዜ ቀድሞ አንድ ጊዜ ዘግይቶ። ነህመ ድምፁን ከፍ አደረገለት።

አሜን ከተባለ በኋላ አድላ ነጠላ ጫማዋን አድርጋ አባወራ በሚቆምበት በሩ ላይ ቆመች። ሰዉ ሁሉ ዞረ።

«ለሸሊታ ቤት ሰጥተናል» አለች። «እስከዛሬ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ ሸሊታ፣ እናትህን ይቅርታ እጠይቃታለሁ። ነገ ማታ ነህመን ከነወንበሩ አንተ ቤት ታደርሱታላችሁ፤ በማግስቱ ራሒል ቤት፤ ወሩ ሲያልቅ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን። ዱሚት፣ አንተ በየሳምንቱ ናና ባለሙያው ዘንድ ውሰደን፤ ማታ ግን ለመቁጠሪያው ትመልሰናለህ። እኛ ከዚህ አንወርድም።»