ከዝርዝሩ የጎደለው ማቡኪያ

ወንድሜ የሊጥ ማቡኪያውን ማሽን ወደ ቤቴ ያመጣው እሁድ ረፋድ ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት። በኪራይ የጭነት መኪና ጭኖ፣ ላዩን በአሮጌ ፍራሽ ሸፍኖት ነበር። አራት ሰዎች እያቃሰቱ አወረዱትና ጓሮ ካለችው ዕቃ ቤቴ አስገቡት። ከአራቱ አንዱ ጋጋሪው ነው፤ ከወንድሜ ጋር አሥራ አንድ ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ፣ ቅንድቡ በወላፈን የሳሳ፣ ካልጠየቁት የማይናገር ሰው።

«ለሦስት ወር ብቻ ነው፣ እታለም» አለኝ ወንድሜ ላቡን በክንዱ እየጠረገ።

«ፍርድ ቤቱ ያውቃል?»

«ፍርድ ቤቱ ሊጥ አያቦካ፣ ምን ያደርግለታል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ዳቦ ቤቱ ከታሸገ ግን ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ማሽኑን ከመታሸጉ በፊት በነበረው ሌሊት አውጥቶ ሌላ ቦታ ደብቆት ኖሯል፤ በዚያ ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ፣ እስከ ትሪውና ሚዛኑ ድረስ፣ ተመዝግቦ እንደሚሸጥ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ነገሩ የተበላሸው ሁለተኛውን ሱቅ ሲከፍት ነው። የመጀመሪያው ዳቦ ቤት ደህና ይሄድ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሰልፉ የመንገዱን ጥግ ይዞራል። ሰው ሲሰለፍለት ልቡ አበጠ። ከባንክ ተበድሮ ሌላ ሱቅ፣ ትልቅ ምድጃ፣ የመስታወት መደርደሪያ። በስድስተኛው ወር ዱቄት ተወደደ። በስምንተኛው ወር ከአዲሱ ሱቅ ፊት ለፊት መንገዱ ለጥገና ተቆፈረና ደንበኛ የሚሻገርበት አጣ። ለባንኩ ለመክፈል ከዱቄት ነጋዴው በዱቤ ወሰደ፤ ለዱቄት ነጋዴው ለመክፈል የሠራተኛ ደመወዝ አዘገየ። ከድጡ ወደ ማጡ። ለሚስቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። «ባንኩ ከሚስቴ ይበልጥ ያስበኛል፤ በቀን አምስቴ ይደውልልኛል» ይለኝ ነበር። እየሳቀ ነበር የሚለው፤ እኔም እየሳቅኩ ነበር የምሰማው። ዛሬ ሳስበው ያ ሳቅ ያሳፍረኛል።

መክሰሩ በፍርድ ቤት ሲታወጅ የባንክ ሒሳቡ ተዘጋ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ድረስ በስሙ ምንም ንግድ መክፈት እንደማይችል ተነገረው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ለዓመታት የተሰለፈለት ደንበኛ ሁሉ «ድሮስ ዳቦው መች በስሎ ያውቅ ነበር» ማለት ጀመረ።

እናታችን ስትሞት እሱ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፣ እኔ አሥራ ዘጠኝ። ደብተሩን የሸፈንኩለት፣ ሲታመም ያደርኩለት፣ ሚስት ሲያገባ እናት ሆኜ የቆምኩለት እኔ ነኝ። ለእሱ እምቢ ማለትን አንደበቴ አልለመደም። ዕቃ ቤቱን ቆለፍኩና አንዱን ቁልፍ ለእሱ ሰጠሁት።

የምሠራው ጤና ጣቢያ ውስጥ ነው፣ ካርድ ክፍል። ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰልፉ በሩ ድረስ ደርሶ ሳለ፣ አንድ ቀጭን ሰው በመስኮቷ ጎንበስ አለ። የካርድ ቁጥሩን ጠየቅኩት።

«ታካሚ አይደለሁም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የወንድምዎን ንብረት እንዳጣራ ፍርድ ቤት የሾመኝ ሒሳብ አዋቂ ነኝ። አምስት ደቂቃ ቢሰጡኝ?»

ከመደርደሪያዎቹ መሀል አስገባሁት። ክርኑ የሰው ካርድ እንዳይነካ እየተጠነቀቀ ቆመና ማኅደሩን ገለጠ።

«ሁለት ምድጃ አግኝተናል። ትሪ፣ ሚዛን፣ ጠረጴዛ አግኝተናል። ማቡኪያ ግን የለም። ማቡኪያ የሌለው ዳቦ ቤት አይተው ያውቃሉ?»

«እኔ ስለ ዳቦ የማውቀው መብላቱን ነው» አልኩት።

አልሳቀም። «ጋጋሪው ተሽጧል ይላል። ለማን ሲሉት አላውቅም ይላል። እርስዎ ቤት በአደራ የተቀመጠ ንብረት አለ?»

«የለም።»

አንዲት ቃል ናት። ከአፌ ስትወጣ ግን ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ። አጣሪው አልተከራከረኝም።

«መልካም። ዓርብ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ይምጡና ይህንኑ በጽሑፍ ይፈርሙልኛል። ከፈረሙ በኋላ ሌላ ሆኖ ቢገኝ ወንድምዎ ንብረት በማሸሽ፣ እርስዎ በመተባበር ትከሰሳላችሁ።» ማኅደሩን ዘጋ። ሊወጣ ሲል ዘወር ብሎ፣ «ብዙ ሰው እንዲህ ሲያደርግ ባንክን የጎዳ ይመስለዋል» አለ። «ባንኩ ምድጃዎቹን በመያዣ ይዟል፤ አይጎዳም። ማቡኪያው ቢሸጥ ኖሮ መጀመሪያ የሚከፈላቸው ሠራተኞቹ ነበሩ። የአራት ወር ደመወዝ አላቸው።»

ከዚያ በኋላ የአንዱን በሽተኛ ካርድ ለሌላው እየሰጠሁ ዋልኩ። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተመልሳ፣ «እህቴ፣ የኔ ልጅ መቼ ነው የስኳር በሽታ የያዘው?» ብላ ስትቆጣኝ ቀልቤ የት እንዳለ ገባኝ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ፈቃድ ጠይቄ ወደ ጋጋሪው ቤት ሄድኩ። ከአንድ እንጨት መሸጫ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖራል። ደጃፉ ላይ በርጩማ ስቦ ተቀምጦ አገኘሁት፤ እጁ እስከ ክርኑ ነጥቷል። ከሩቅ ዱቄት መስሎኝ ነበር፤ ሲሚንቶ ነው። በቀን ሥራ ግንባታ ላይ ገብቷል።

«ጋሼ፣ ስለ ማሽኑ ጠየቁዎት አሉ።»

«ጠየቁኝ። ተሽጧል አልኩ» አለ። «አይስጉ፣ እትዬ። የበላሁበትን ወጪት አልሰብርም።»

«ደመወዝዎስ?»

«እሱማ ቀረ። ወንድምዎ ነግሮኛል። ማሽኑ ከተያዘ ባንክ ጠራርጎ ይወስደዋል፣ ለእናንተ ሰባራ ሳንቲም አይደርሳችሁም ብሎኛል። ከተረፈለት ግን እንደገና ሲጀምር መጀመሪያ የሚጠራው እኔን ነው።» የተሰነጠቀ መዳፉን አየት አደረገ። «እሱ ቃሉን አያጥፍም።»

የቤት ኪራዩን ጠየቅኩት። እስከ ወሩ መጨረሻ ታግሠውኛል አለ። ከዚያ ውሃ ላምጣልዎ ብሎ ተነሣ። ውሃውን ተቀብዬ ሳልጠጣ መሬት ላይ አስቀመጥኩት። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። መናገር ያለበት ሌላ ሰው ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ቤቴ ስደርስ በሬ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ወንድሜና አንድ ቦርጫም ሰው ማሽኑን ከበው፣ ሰውየው የማቡኪያውን ክንድ እያሽከረከረ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል። ሁለት ተሸካሚዎች ገመድ ያጠብቃሉ።

ወንድሜ ሲያየኝ ፊቱ አመድ መሰለ። «ሥራ አልነበርሽም እንዴ?»

ተመልሼ የግቢውን በር ዘጋሁ፣ ጓጉንቸሩን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ደረቴ ውስጥ ከተትኩ።

«ጌታዬ፣ እርስዎ ገዢ ነዎት?» አልኩት ቦርጫሙን።

«ገንዘቤን ቆጥሬ የመጣሁ ሰው ነኝ።»

«እንግዲህ ይወቁት። ይህ ማሽን በፍርድ ቤት የሚፈለግ ነው። ዛሬ ከጫኑት ማሽን ሳይሆን ክስ ነው የሚጭኑት።»

ሰውየው ወንድሜን አየው። ወንድሜ መሬት መሬቱን አየ።

«ነገር የሌለበት ነው አላልከኝም?» አለ ሰውየው። ለተሸካሚዎቹም ገመዱን እንዲፈቱ ምልክት ሰጠ። «በሩን ይክፈቱልኝ፣ እመቤቴ። እኔ እዚህ ቤት አልመጣሁም፣ እናንተንም አላውቃችሁም።»

ከፈትኩላቸው፤ መልሼ ቆለፍኩ። የመኪናው ድምፅ እስኪርቅ ወንድሜ አልተነቃነቀም። ከዚያ ጮኸ።

«ገደልሽኝ! ነገ ታሰርኩ ማለት ነው፣ ገባሽ? ነገ!»

«ለምን ትታሰራለህ?»

ያን ጊዜ ነው ያልነገረኝን የነገረኝ። ለባንኩ የመጨረሻውን ክፍያ ሲያጣ ከአራጣ አበዳሪ ወስዷል። ለዋስትና የሰጠው ቼክ ነው፤ ባንክ ቢወስዱት ገንዘብ የማያወጣ፣ ስንቅ የሌለው ቼክ። ሰውየው እስከ ዓርብ አምስት ሰዓት ቀን ቆርጦለታል፤ ካልተከፈለው ቼኩን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል።

«ለአጣሪው ይህን ዕዳ አስመዝግበኸዋል?»

«አራጣ ይመዘገባል እንዴ?»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

ፊቱን ወደ ማሽኑ አዞረ።

«እሺ፣ ጋጋሪውስ? ማሽኑ ቢሸጥ መጀመሪያ ለእነሱ እንደሚከፈል ታውቅ ነበር?»

አላውቅም እንዲለኝ ፈለግኩ። ቢዋሸኝም እንኳ አምነው ነበር።

«አውቅ ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

በሕይወቴ እጄን አንስቼበት አላውቅም። ያን ቀን ግን እጄ ተነሣ። አየር ላይ እንዳለ ቀረ፤ አላሳረፍኩትም። እሱም አልሸሸም፤ እንድመታው የጠበቀ መሰለኝ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋ።

«ቁልፉን ስጪኝ፣ እታለም። ሌላ ገዢ አለ። ዛሬውኑ ይመጣል።»

ከእኔ በሁለት ራስ ይረዝማል። በበሩና በእኔ መሀል ቆሟል፤ የሃምሳ ኪሎ ከረጢት እንደ ትራስ የሚያነሣ ሰው ነው። ሊነጥቀኝ ቢፈልግ አንድ እጁ ይበቃዋል።

«ና ውሰደው» አልኩት። «ከዚያ ግን ጋጋሪው ቤት ሄደህ፣ ሲሚንቶ የሚሸከመው በማን ጥፋት እንደሆነ ራስህ ትነግረዋለህ።»

«ሲሚንቶ?»

አያውቅም ነበር። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣ፤ ቆመ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። እንደገና ጮኸ። የተዘረጋው እጁ ቀስ እያለ ወረደና ፍራሹ ላይ ተቀመጠ።

«ሚስቴ ፊት እንዴት እቆማለሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ከእኔ ጋር።»

በዚያው ምሽት፣ ገና ሳይጨልም፣ ሄደን ነገርናት። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም። «የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያስ?» ብላ ጠየቀች። «እሱንም ደብቀህ ይሆናል። ዛሬ ሁሉንም ንገረኝ፣ በየሳምንቱ አትግደለኝ።» የልጆቹም የሁለት ወር ቀርቶ ነበር።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ሦስታችንም አጣሪው ቢሮ ነበርን። ወንድሜ ማቡኪያውንም፣ አራጣውንም፣ ቼኩንም ተናገረ። አጣሪው እስኪጨርስ ሳያቋርጥ ጻፈ። እኔም ረቡዕ የዋሸሁትን ተናገርኩ።

«ሳይፈርሙ መምጣትዎ በጀዎት» አለኝ። ወደ ወንድሜ ዞረ። «ማሽኑን በፈቃድዎ እንደመለሱ እጽፋለሁ። ከቼኩ ግን ላድንዎ አልችልም። እሱ የፖሊስ ጉዳይ ነው።»

አላዳነውም። ሰኞ ከቤቱ ወሰዱት። አሥራ ሁለት ቀን ታሰረ፤ ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። ፍርዱ በገደብ ሆነለትና ወጣ። እኔ ግን ሁለት ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር መጥሪያ የመጣብኝ እየመሰለኝ ስደነግጥ ኖርኩ። አልመጣም። ሚስቱ ልጆቹን ይዛ ስድስት ሳምንት እናቷ ዘንድ ሰነበተች። ተመለሰች፤ ከዚያ ወዲህ የቤቱን ገንዘብ የምትይዘው እሷ ናት።

ማሽኑ በጨረታ ተሸጠ። ለሠራተኞቹ የደረሳቸው የአራት ወር ሳይሆን የሁለት ወር ተኩል ነው። የተከፈላቸው ቀን ወንድሜ ማንም ሳይጠራው ሄደ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ጋጋሪው ከገንዘብ ቤቱ መስኮት ዘወር ሲል ኮሪደሩ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ።

«ጋሼ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ይህ ገንዘብ የእናንተ እንደሆነ ያኔም አውቅ ነበር።»

ጋጋሪው ገንዘቡን አጣጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተ፤ የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ። እኔ እግዜር ይፍታህ የሚል መስሎኝ ነበር።

«እኔም ለአንተ ብዬ ዋሽቻለሁ» አለ። «በስተርጅና። የቀረውን የወር ተኩል እጠብቃለሁ።» ባርኔጣውን አጥልቆ ደረጃውን ወረደ።

ወንድሜ ዛሬ በሌላ ሰው ዳቦ ቤት ተቀጥሮ ሊጥ ይመዝናል። ከደመወዙ ላይ በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያደረገ፣ ሕግ ሳያስገድደው፣ ለጋጋሪው ይወስድለት ነበር። አሥራ አራት ወር ፈጀበት። ጋጋሪው በነዚያ ወራት ሁሉ ገንዘቡን ደጃፉ ላይ ይቀበለዋል እንጂ ግባ ብሎት አያውቅም። የመጨረሻውን ያደረሰ ዕለት ወንድሜ እኔ ቤት መጣ።

«ጋጋሪው ምን አለህ?» አልኩት።

«ደረሰኝ ልጻፍልህ ወይ አለኝ።»

«አንተስ?»

«አያስፈልግም፣ ጋሼ አልኩት። እሱ ግን ግባና ተቀመጥ አለኝ፤ መነጽሩን ፈልጎ ጻፈልኝ።»