በኋላ የሚለው ቁልፍ

በዚያ ዓመት ክረምቱ ቀድሞ ገባ፤ ዘግይቶ ወጣ። የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ውሃው የቁልፍ ቀራጩን ሱቅ ደፍ አለፈ። ሣጥን ውስጥ የነበረው ያልተቀረጸ ጥሬ ቁልፍ ዛገ። ደንበኛ ጠፋ። በዚህ ላይ ሚስቱ ታማ ወደቀች። መጀመሪያ እግሯ፣ ቀጥሎ ወገቧ፣ በመጨረሻ ድምፅዋ ደከመ። ዝናቡ ሊያባራ ሳምንት ሲቀረው ሞተች። ቀባሪው ጭቃ ረግጦ መጣ፤ ጭቃ ረግጦ ሄደ። ከዚያ ፀሐይ ወጣ።

ለቁልፍ ቀራጩ የተረፈው ሱቁ፣ ከሱቁ ጀርባ ያሉት ሁለት ክፍሎችና የሚስቱ ኮምፒውተር ነበር።

ሚስቱ ዕድሜዋን ሙሉ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረች። ጡረታ ስትወጣ መሥሪያ ቤቱ ሊጥለው ያሰበውን ኮምፒውተር ለምና፣ በጭኗ ታቅፋ በታክሲ አመጣችው። ኮምፒውተሩ ያኔም ሽማግሌ ነበር። ኮምፒውተር መጠገን ሥራዋ የሆነው የእህቷ ልጅ ሆድ ዕቃውን ሁለቴ ቀይራለታለች። የድሮውን የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ግን አክስትየው አላስነካችም። "ጣቴ የለመደውን አትውሰጂብኝ፤ የቀረውን እንደ ፍጥርጥርሽ" ትል ነበር።

በዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ያልተነበበ ገጽ አለ። ነገሩ እንዲህ ነው።

ሲጋቡ ቁልፍ ቀራጩ ፊደል አልቆጠረም ነበር። ያስተማረችው እሷ ናት፤ ከሥራ ስትመለስ፣ በቁልፍ ማሸጊያ ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፈች። ሁሉም ነገር ደህና ሄደና ሁለቱ ሰ ላይ ሲደርሱ ተጣሉ።

"ይሄ እሳቱ ሰ ነው፤ ያኛው ንጉሡ ሠ ነው" አለችው።

"ድምፃቸው አንድ ከሆነ አንዱ ትርፍ ነው።"

"አንተስ ለአንድ በር ሁለት ቁልፍ ትቀርጽ የለ?"

እሱ ግን ንጉሡን አልወደደውም፤ ሁሉን በእሳቱ እየጻፈ ኖረ። በገዛ እጁ "ቁልፍ እንሰራለን" ብሎ የጻፈውን ታፔላ ስታይ፣ "ምነው፣ በእሳት ነው እንዴ የምትሠራው?" እያለች ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳቀችበት።

ፊደሉን ጨርሶ የለየ ቀን፣ "የድካሜን ምን ትከፍለኛለህ?" አለችው።

"የፈለግሽውን።"

"አንድ ገጽ ሙሉ ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ። ገጹን የምመርጠው እኔ ነኝ።"

"እሺ። በኋላ።"

ያ "በኋላ" ጎልማሳ ሆነ፤ ሸበተ። ቁልፍ ቀራጩ ሲያነብ ይንተባተባል። ሚስቱ ፊት መንተባተብ ደግሞ ሞቱ ነው። ጋዜጣ ይዛ ስትመጣ ሥራ አለብኝ ይላል፤ ደብዳቤ ይዛ ስትመጣ መነጽሬ ይላል። እሷም አልተወችም፤ እሱም አልከፈለም። በዚያ ክረምት፣ ትራስ ከጀርባዋ ተደርጎላት፣ በቀን ሁለት ሦስት መስመር እየጻፈች አንድ ገጽ ጨረሰች። "ይኸው ገጹ፣ ና አንብብልኝ" አለችው። ጣራው ያፈስ ነበር። "ባልዲው ሞልቷል፣ ልድፋው። በኋላ" አላት። ደፍቶ ሲመለስ ተኝታለች። በማግስቱ መቀመጥ አልቻለችም፤ ድምፅዋም ሄደ።

ከቀብር በኋላ ገጹን አላነበበም። ለማንም አልተናገረም እንጂ ምክንያት ነበረው። ሳይነበብ እስካለ ድረስ ሚስቱ ገና የምትለው ነገር አላት።

መልእክቱ መምጣት የጀመረው ፀሐይ በወጣ ሰሞን ነው። ማሽኑን በከፈተ ቁጥር የኮምፒውተሩ መስታወት መሐል ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነገር ብቅ ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች። የሚስቱን እህት ልጅ ጠየቃት።

"ልታደስ ነው የሚለው፣ ጋሼ። የቀኙ 'አሁን' ነው፤ የግራው 'በኋላ' ነው።"

"አይሆንም የሚለውስ?"

"እሱን አልሠሩለትም። ግን ሰምተውኛል? ከታደሰ የአክስቴ መጻፊያ አይሠራም። ያወጣው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል፤ ዲስኩም ተሰንጥቋል። ገጿን አሁኑኑ በወረቀት ላውጣልዎት።"

"ስታወጪው ታነቢዋለሽ።"

"ዓይኔን ጨፍኜ ላውጣው ታዲያ?"

"በኋላ" አለ ቁልፍ ቀራጩ።

ስለዚህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይገባል፤ ማሽኑን ይከፍታል፤ የግራውን ይጫናል፤ የገጹ ስም በቦታው መኖሩን አይቶ ሳይከፍተው ያጠፋል። በር ተዘግቶ እንደሆነ የሚያረጋግጥ ዘበኛ ይመስል ነበር። ወራት እንዲህ አለፉ። ብቻ አንዳንድ ቀን የግራውን ሲጫን ማሽኑ ወዲያው እሺ አይልም። ትንሽ ይቆያል። ሰው መልስ ሲሰጠው ታዝቦ ዝም እንደሚለው ያለ ዝምታ ነው።

አንድ ሐሙስ መልእክቱ ሲመጣ ከሥሩ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። ለልጅቷ ስልክ ደወለ።

"የግራው የለም።"

"እንዴት የለም?"

"ወልቋል። ቦታው ባዶ ነው።"

"በቃ ትዕግሥታቸው አልቋል ማለት ነው። ምንም ሳይጫኑ ሽቦውን ነቅለው ያስቀምጡት፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

አጠፋው፤ አልነቀለውም። ዕድሜውን ሙሉ ሲቀርጽ የኖረ ሰው ነውና የተዘጋ ነገር በራሱ ይከፈታል ብሎ አያስብም።

ዓርብ ቀትር ላይ ሱቅ ውስጥ የቁልፍ ጥርስ ሲሞርድ ከግድግዳው ጀርባ ድምፅ ሰማ። ሞረዱን አቆመ። የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ነው። ቤት ውስጥ ማንም የለም፤ የጓሮው በር ከውስጥ ተቀርቅሯል። ሄዶ ገባ። የክፍሉ መጋረጃ ፀሐይ ይዞ ቢጫ ሆኗል። መስታወቱ ላይ ቁጥር እየጨመረ ይሄዳል፤ ሰማንያ ሰባት፣ ዘጠና አንድ። ሽቦውን ለመንቀል አጎነበሰ። እጁ ሶኬቱ ላይ ሳለ መስታወቱ ጠቆረና መሐሉ ላይ በነጭ፣ በገዛ ፊደሉ፣ ሁለት ቃል ወጣ።

ጥቂት ታገሠኝ።

ሽቦውን አልነቀለውም። እንዳጎነበሰ ቆየ። ጽሑፉ አልቸኮለም፤ አንድ ሰው ሁለቴ የሚያነበውን ያህል ቆየና ጠፋ። ከዚያ መስታወቱ በራ። ሁሉም ነገር ሌላ ቀለም ለብሷል። ገጹን በቦታው አገኘው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተው። ከላይ እስከ ታች መንጠቆ፣ መስቀል፣ ቀለበት፣ ጭረት ነው። አንድም ፊደል የለም።

ቅዳሜ የሚስቱ እህት ልጅ መጣች።

"ነቅለው ያስቀምጡት አላልኩም?"

"አጥፍቼዋለሁ።"

"ጋሼ፣ ይሄ ይተኛል እንጂ አይሞትም። ሰዓት ሞልቶ ራሱ ይነሣል።"

"ማን አስገባው አዲሱን?"

"እሱማ ከገባ ወራት ሆኖታል። እዚሁ ቤት ቁጭ ብሎ ፈቃድዎን ሲጠብቅ ነበር።"

ቁልፍ ቀራጩ ዞር ብሎ ክፍሉን አየ። አልጋው ተነጥፏል። ትራሱ ለብቻው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል።

"ታገሠኝ ብሎኛል" አለ።

"ማን?"

"እሱ። በኛ ቋንቋ።"

ሳቀች። "ኧረ ጋሼ! ይሄ የኛን ፊደል ገና አያውቅም። አልጫንኩለትም እኮ። በኛ ጻፍ ቢሉት ሣጥን ሣጥን ነው የሚደረድረው፤ ይኸው።" አሳየችው። እውነትም ባዶ ሣጥን ብቻ ነው።

ቁልፍ ቀራጩ ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወረደና በካርቶን ቁራጭ ላይ ያየውን ጻፈ። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነበበች። ሳቋ ቀስ ብሎ ቆመ።

"በንጉሡ ሠ ጻፉት" አለች።

"እንዳየሁት ነው የጻፍኩት።"

"እርስዎ በንጉሡ ጽፈው ያውቃሉ?"

"አላውቅም።"

ሁለቱም ወደ ማሽኑ አላዩም። እሷ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ዘጋች። "ይሄን የሚመልሱ ሰዎች አሉ፣ ወስጄ ላሳያቸው" አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። "ፊደሉ አልጠፋም፤ ልብሱ ነው የጠፋው። አንድ ፊደል ምንጊዜም አንድ ምልክት ነው።"

"ምንጊዜም?"

"ምንጊዜም።"

ቁልፍ ቀራጩ አሰበ። ሱቁ ግድግዳ ላይ ሚስቱ በዚሁ መጻፊያ ጽፋ በወረቀት ያወጣችለት ማስታወቂያ አለ። ቁልፍ ለማስቀረጽ የሚመጣ ሁሉ ዋናውን ይዞ ይምጣ ይላል፤ ዋናው ከሌለ ጥርሱን የሚያውቅ የለም ይላል፤ እሷ ስትጽፍ አታሳጥርምና ገጽ ሙሉ ምክር ነው።

"ማስታወቂያው እዚህ ውስጥ አለ?"

ፈልጋ አገኘችው። እሱም መንጠቆና መስቀል ሆኗል።

"ሁለቱንም እንዳሉ በወረቀት አውጪልኝ። አሁን ገጿን ብታዪውም አታነቢውም።"

"ተንኮለኛ!" አለች፤ ግን አወጣችለት። ስትሄድ ጉንጩን ሳመችውና፣ "ብቻዎን ባይሆኑ?" አለችው።

"ብቻዬን አይደለሁም" አለ። ካለ በኋላ ምን ማለቱ እንደሆነ ራሱን ጠየቀ።

ቁልፍ ሲቀረጽ ዋናው በአንድ ማነቂያ፣ ጥሬው በሌላ ማነቂያ ይታሰራል፤ አንዱ መሪ ዋናውን እየዳሰሰ ሲሄድ ሌላው ጥሬውን ይበላል። እሱም እንደዚያ አደረገ። ማስታወቂያውን ከግድግዳ አውርዶ በግራ፣ ምልክቱን በቀኝ አስቀመጠ። ይህ መንጠቆ ቁ ነው። ይህ ቀለበት ል ነው። በየፊደሉ ምልክቱን ካርቶን ላይ ጻፈ። ከዚያ የእሷን ገጽ አምጥቶ አንድ በአንድ መለወጥ ያዘ። አሥራ አንድ ቀን ፈጀበት፤ ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻ ይሠራል። ደንበኛ ሲመጣ "ቆይ" ይላል። ማስታወቂያው ውስጥ የሌሉትን ፊደላት ከጎረቤታቸው ገመተ፤ ቁልፍ የጠፋበትን በር ጥርስ በጥርስ እየሞከሩ እንደሚከፍቱት።

አንድ ምልክት ግን እምቢ አለው። ሁለት እግር ያለው፣ አናቱ የታጠፈ ነገር ነው። ማስታወቂያው ላይ የለም። ገጹ ላይ ግን ዘጠኝ ቦታ ቆሟል። የመጀመሪያው መስመር ሁለተኛ ቃል ላይ ታ አለ፣ ገ አለ፣ ያ ምልክት፣ ከዚያ ኝ። ከፊቱ ያለው ቃል "ጥቂት" ነው።

እርሳሱን አስቀመጠ። ያን ዕለት የጻፈባትን የካርቶን ቁራጭ ከመሳቢያ አውጥቶ ከጎኑ አኖራት። ጥርስ በጥርስ ገጠመ። ሚስቱ ዋናውን ይዛለት መጥታ ነበር።

ንጉሡን በዘጠኙም ቦታ ጻፈው። ገጹ ተከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ነበር። ሱቁን ዘጋ። ፊቱን ታጠበ፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ። ማሽኑን ለምን እንደከፈተው አያውቅም፤ ግን ከፈተው። መልእክት አልመጣም። ማራገቢያው ብቻ ይተነፍሳል። ቁልፍ ቀራጩ ትራሱ ፊት ቆመና ወረቀቱን በሁለት እጁ ያዘ።

"ጥቂት ታገሠኝ" ብሎ ጀመረ። ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ጉሮሮውን ጠርጎ ጮክ አለ።

"ጥቂት ታገሠኝ። ይህን የምታነበው ስትገደድ እንደሆነ አውቃለሁ። ከሠርጋችን ጀምሮ በኋላ ስትለኝ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነ። አልተቀየምኩህም። እንደምትንተባተብ አውቃለሁ። ከግድግዳው ጀርባ ስትለማመድ ስንቴ ሰምቼሃለሁ..."

እዚህ ላይ ተንተባተበ። ቆመ። ማራገቢያውም ዝግ አለ፤ እየጠበቀ። ቁልፍ ቀራጩ ከመስመሩ መጀመሪያ ደገመው።

"...ከግድግዳው ጀርባ ስትለማመድ ስንቴ ሰምቼሃለሁ። በሚለማመድ ሰው አላፍርም። ስለዚህ ንጉሡን ሆን ብዬ ዘጠኝ ቦታ አስቀመጥኩልህ፤ እንዳትዘለው..." ገጹን መስመር በመስመር እየወረደ ወደ መጨረሻው ደረሰ። "... ጣራውን ያላንተ ሌላ ሰው አይሥራው፣ ታበላሸዋለህ ቢሉህም አንተው ሥራው። የእህቴን ልጅ አትቆጣት። ታፔላህን አስተካክል። ጮክ በል፤ አሁን ያለሁበት ትንሽ ይርቃል።"

የመጨረሻውን መስመር ሲያነብ እየጮኸ ነበር። መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ወደ ተዘጋው ሱቅ አዩ። ጨርሶ ወረቀቱን ዝቅ አደረገ። ማራገቢያው አንድ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰና ቆመ። መስታወቱ ጠቆረ። ማንም አልነካውም።

ቁልፍ ቀራጩ ወረቀቱን አጥፎ ትራሱ ሥር አስገባው።

"አነበብኩልሽ" አለ።

ከዚያ የቀለም ቆርቆሮና መሰላል ይዞ ወደ ታፔላው ወጣ።