ሽማግሌዎች የገፏት መኪና

ዕዝራ ሰው ይሰማል። የከብት መድኃኒት ቤቱ አሰላ መሀል ከተማ ስለሆነ ከጠዋት እስከ ማታ የላም ሕመም፣ የበግ ሳልና የሰው ወሬ ሲሰማ ነው የሚውለው። የጎማ ነገር የመጣ ቀን ግን ጆሮው ተደፈነ።

«የምልህን ስማ» አለው ጎሚስታው ነስረዲን፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይህች መኪና ስትሠራ የተሰጣት ጎማ ሃያ ዘጠኝ ኢንች ነው። ሠላሳ አንድ ላድርግልህ። ከመሬት ከፍ ትላለች፣ ጭቃውን ታልፋለች፣ ይበቃታል።»

«ሠላሳ አምስቶቹስ?»

የዕዝራ ዓይን ከግድግዳው ጥግ አልነቀል ብሏል። አራት ጎማዎች እዚያ ተደርድረዋል፤ ቁመታቸው የሰው ወገብ ይደርሳል፣ በጥርሳቸው መሀል ጣት ገብቶ ይጠፋል። እሱስ ምን ያድርግ፣ ያምራሉ!

«ለሠላሳ አምስት ማርሹም አብሮ መቀየር አለበት።»

«ማርሽ ምን አገባው? የምቀይረው ጎማ ነው እኮ።»

ነስረዲን በረጅሙ ተነፈሰ። ጎማ መለጠፍ ከጀመረ ሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ እንዲህ ዓይነቱን ደንበኛ ያውቀዋል። «ወንድሜ፣ አጭር ሰው ነህ እንበል።»

«አጭር ነኝ እኮ።»

«እሺ፣ አጭር ነህ። ዳገት ስትወጣ በአጭር በአጭሩ እየረገጥክ ትደርሳለህ። እኔ ደግሞ የግመል እግር ልግጠምልህ። ሜዳ ላይ ማን ይችልሃል! ዳገት ላይ ግን ያን ረጅም እግር የሚያነሳልህ ያው የድሮው ወገብህ ነው። ሞተሩ ያው፣ ማርሹ ያው። አንደኛ ማርሽ አስገብተህ እምቢ ብትልህ፣ ከአንደኛ በታች ምን አለህ?»

«ጸሎት» አለ ዕዝራ።

ለነገሩ የዕዝራን ልብ የያዘው ዳገትም ጭቃም አልነበረም፤ ሃኒ ነበረች። ሃኒ አምና ለአባቷ ላም መድኃኒት ልትገዛ መጥታ፣ ጠርሙሱን አገላብጣ ቀኑን አነበበችና «ይኼ ጊዜው ሊያልፍ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ አታፍርም?» አለችው። ዕዝራ አፈረ። በማፈር የተጀመረው ነገር እየተጎተተ «እንግዲያው ሽማግሌ ላክ» ላይ ደረሰ። አባቷ አቶ ሀብተ ማርያም ሃያ ስድስት ዓመት በስንዴ እርሻ ላይ ኮምባይነር ነድተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ቤታቸው ከጎበሳ ከተማ በላይ፣ መኪና ሁሉ ከሚጠላው አንድ ዳገት አናት ላይ ነው። ሃኒም በቀደም በስልክ «አባዬ እኮ ሰው ከማየቱ በፊት መኪናውን ነው የሚያየው» አለች።

ደህና ሰው ይህን ቢሰማ መኪናውን ያጥባል። ዕዝራ ግን ባለ ሠላሳ አምስቱ ጎማ አማረው።

«ግጠምልኝ» አለ።

«ወላሂ ትጸጸታለህ» አለ ነስረዲን፤ እያጉረመረመ ገጠመለት። ድንቡሼ የሚሏት ያቺ አጭር አሮጌ መኪና ከክሪኩ ስትወርድ መንደሩ ሁሉ ወጥቶ አያት። ዕዝራ በደስታ ሁለት ጊዜ ዞራት።

የነሐሴ መጨረሻ እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ተሰባሰቡ። አንደኛው የዕዝራ የክርስትና አባት፣ ጡረተኛው መምህር በእውቀቱ ናቸው። ሁለተኛው ጋሼ ዲሪባ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም ሲናገሩ የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ያልተጣላም ቆሞ የሚያዳምጣቸው። ሦስተኛው ራሱ ነስረዲን ነው፤ ዕድሜው ለሽምግልና ባይደርስም ስሙ ደርሷል። የቀረው ሹፌሩ ብቻ ነበር። ሊነዳ ቃል የገባው ሰውዬ ያን ጠዋት ስልኩን ዘጋ።

«እኔ እነዳለሁ» አለ ዕዝራ።

መምህር በእውቀቱ ደነገጡ። «አንተ? ልጃገረድ የምትጠየቅልህ ሰው ሽማግሌዎቹን ጭነህ እደጃቸው ልትቆም? ይኼማ ንቀት ነው። አባትየው ቢያውቁ በሩን ዘግተውብን ነገሩ እዚያው ያበቃል!»

ሌላ የሚነዳ ግን አልተገኘም። ጋሼ ዲሪባ ትንሽ አሰቡና የራሳቸውን ባርኔጣ አውልቀው ዕዝራ ቅንድብ ድረስ ደፉለት። «ከአሁን ጀምሮ ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትወርድም፤ ካልጠየቁህ አትናገር» አሉት።

አስፋልቱ ላይ ድንቡሼ በረረች። ዕዝራ ጌጁን እያየ «በስልሳ ነው የምሄደው፣ አትፍሩ» ይላል። ነስረዲን ከኋላ ሆኖ «ጌጁ የሚያውቀው የድሮውን ጎማ ነው፤ ስልሳ ሲልህ ከሰባ አልፈሃል፤ ቀስ በል!» ይላል። ጎበሳን አልፈው መረሬ የሚሉት ጥቁር ጭቃ ውስጥ ሲገቡም፣ እውነት ለመናገር፣ ጎማው ጎማ ነበር። ሌላው መኪና በሆዱ ተኝቶ የሚቀርበትን ማጥ እንደ ዋዛ አለፈችው። ዕዝራ በመስታወቱ ነስረዲንን አየና ጥርሱን ገለጠ።

ዳገቱ መጣ። በሁለተኛ ማርሽ ጀመሩ፤ ሞተሩ አጉረመረመ። ወደ አንደኛ አወረደ፤ ሞተሩ ተንቀጠቀጠ። መሪውን ሲያዞር ጎማው የላዩን መከለያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ ጮኸ። እኩሌታው ላይ ሲደርሱ ድንቡሼ አንድ ጊዜ አስነጠሰችና ቀጥ አለች።

«ታኮ! ታኮ!» ብሎ ነስረዲን ዘሎ ወርዶ ድንጋይ ከጎማው ሥር ወተፈ።

«አሁን ጸልያ» አለው ቀና ብሎ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አታንሱት። መምህር በእውቀቱ ነጭ ጋቢያቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ገፉ። ጋሼ ዲሪባ አንድ ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ቀርቶ እየሳቁ ገፉ። ነስረዲን ድንጋዩን እያነሳ፣ እየወተፈ፣ እየተራገመ ገፋ። ያን አንድ ዳገት ለመጨረስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ዕዝራ መሪውን ጨብጦ በመስታወቱ ሦስት የተከበሩ ሰዎች ስለ እሱ ጭቃ ሲለቀለቁ እያየ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

አቶ ሀብተ ማርያም በረንዳቸው ላይ እጃቸውን አጣምረው ጠበቋቸው። ሁሉንም ሰምተዋል፤ የሞተር ድምፅ ለእሳቸው እንደ ሰው ንግግር ነው።

«ቤት ለእንግዳ። ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ ግቢው መሀል ተሰለፉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ ጋሼ ዲሪባ በአንድ ጫማቸው ቆመው።

አቶ ሀብተ ማርያም ግን አልፈዋቸው በቀጥታ ወደ መኪናዋ ሄዱ። ዕዝራ ባርኔጣውን አፍንጫው ላይ አደረሰው። አቶ ሀብተ ማርያም ጎንበስ ብለው በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል እጃቸውን ሊያስገቡ ሞከሩ፤ አልገባም።

«ቁጥሩ ስንት ነው?»

«ሠላሳ አምስት» አለ ሹፌሩ በቀጭን ድምፅ።

«ማርሹ ተቀይሯል?»

«አልተቀየረም፣ አባቴ።»

የአቶ ሀብተ ማርያም ፊት ተለዋወጠ። «ማነው ይህን የገጠመ ጎሚስታ? ስሙን ንገረኝ! እዚያ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ብትንሸራተት እነዚህን ሰዎች ገደል ትከት ነበር እኮ! ከጎበሳ እስከ ጢቾ የማውቀው ሹፌር ሁሉ ደጁን እንዳይረግጥ አደርጋለሁ!»

ዕዝራ አፉን ሊከፍት ሲል ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ» አለ ነስረዲን። «የገጠምኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ዕዝራ ነስረዲንን አየው። ያ ሰው በሃያ አምስት ዓመት አንድ ሰው በሥራው ተጎዳ ተብሎበት አያውቅም። አሁን ዕዝራ ዝም ቢል ባርኔጣው እንደተደፋ ይቀራል፣ ሽምግልናው ይቀጥላል፣ ሃኒም የእሱ ትሆናለች። ቢናገር ንቀቱ ይወጣል፣ በሩ ይዘጋል። ግን እንዴት አድርጎ ዝም ይበል?

በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ባርኔጣውንም አወለቀ።

«እውነት አይደለም» አለ። «እሱ ሠላሳ አንድ ይበቃሃል ብሎኝ ነበር። ለምኖኝም ነበር። እምቢ ብዬ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ ደግሞ ምን ቤት ነህ? ሹፌር አይደለህ?»

«ሹፌርም አይደለሁም። ዕዝራ ነኝ።»

መምህር በእውቀቱ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞሩ። ጋሼ ዲሪባ ራሳቸውን ያዙ። ከመስኮቱ ውስጥ «ውይ!» የሚል የሴት ድምፅ ተሰማ፤ ዕዝራ የማን እንደሆነ አላጣውም።

አቶ ሀብተ ማርያም ከእግር እስከ ራሱ አዩት። «ልጄን የምትጠይቀው አንተ ራስህ?»

«አዎ።»

«ሽማግሌዎችህን ዳገት ያስገፋኸውም አንተ?»

«አዎ። እኔ ነኝ።»

ሰውዬው እንደገና ጎማዎቹን አዩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። «ሄዳችሁ ተመለሱ። በሁለት ሳምንት። ያን ዳገት ሰው ሳይገፋት ከወጣች እንነጋገራለን። ሹፌሩም ይኸው ይሁን።»

ቁልቁለቱን ወረዱ። አስፋልት ከያዙ በኋላ ዕዝራ «ነስሩ፣ ለምን እንደዚያ አልክ? ስምህ ይጠፋ ነበር እኮ» አለ።

«እኔ አግብቼ ሰባት ወልጃለሁ» አለ ነስረዲን። «ጥቂት ደንበኛ ቢቀርብኝ ምን እሆናለሁ? ላጤው አንተ ነህ።» ዕዝራ መሳቅ አማረውና እንባው ቀደመው።

ሰኞ ጠዋት ሠላሳ አንዶቹ ተገጠሙ። ዕዝራ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አሰላ ዙሪያ ያለ ዳገት አልቀረውም፤ ሲወጣ ሲወርድ ከረመ። መድኃኒት ፈላጊ ሁሉ ሱቁን ዝግ አገኘው።

ቀኑ ደርሶ ሲሄዱ አቶ ሀብተ ማርያም ከዳገቱ ግርጌ በቦት ጫማ ቆመው ጠበቋቸው። አልተሳፈሩም። በእጃቸው «ቀጥል!» ብቻ አሉ። ዕዝራ አማተበና ገባበት። ሁለተኛ ማርሽ። ሞተሩ አጉረመረመ፣ ግን ጎተተ። የወተፉትን ድንጋይ እዚያው ቁጭ ብሎ አገኙት፤ አለፉት። «ኮቱ፣ ኮቱ! ነይ!» እያሉ ጋሼ ዲሪባ ወንበሩን ደበደቡ። መምህር በእውቀቱ እጥፋቱ ያልተነካ ጋቢያቸውን ይዘው አናቱ ላይ ሲወርዱ የሃያ ዓመት ወጣት መስለው ነበር።

ሦስቱ ግቢው መሀል ተሰልፈው ቆሙ። ከታች ፉጨት ተሰማ።

«ዕዝራ! ናና ውሰደኝ!»

ዕዝራ ወረደላቸው። አቶ ሀብተ ማርያም የሹፌሩን በር ከፍተው «ወዲያ ጠጋ በል» አሉት። መሪውን ሲይዙ እጃቸው ቤቱን ያገኘ ይመስል ነበር። በሁለተኛ ማርሽ አስነሷት፤ የሞተሩን ድምፅ እየሰሙ ብቻቸውን ሳቁ። እኩሌታው ላይ፣ ዳገቱ ከሁሉ በከፋበት፣ ሆን ብለው ፍሬን ያዙ። ዕዝራ ወንበሩን ጨበጠ። እሳቸው ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ሲለቁት ድንቡሼ ስንዝር ሳትመለስ ተነሳች።

«እንዲህ ነው!» አሉ። «እነዚያን ሠላሳ አምስቶች ምን አደረግካቸው?»

«ነስረዲን ጋ ናቸው። ገዢ ጠፋ።»

«ሦስቱን ሽጥ። አንዱን አስቀምጠው።»

«ለምን ይሆናል፣ አባቴ?»

«ልጅህ አድጎ እንዳንተ ትልቅ ጎማ ሲያምረው ታሳየዋለሃ። ይኼ ነው በአያትህ ዳገት ላይ ሽማግሌ ያስገፋው ጎማ ትለዋለህ፤ እኔ ደግሞ የቀረውን አጫውተዋለሁ።»

ዕዝራ መጀመሪያ አልገባውም። አያትህ የተባለው ማን እንደሆነ ሲገባው ግን ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። አቶ ሀብተ ማርያምም ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ ጭኑን ቸብ ቸብ አደረጉት።

ግቢ ሲደርሱ ጋሼ ዲሪባ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወጡና «ለተከበሩት አቶ ሀብተ ማርያም፣ ቆመን የመጣንበትን ጉዳይ…» ብለው ጀመሩ።

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ! ለልጁ ነግሬዋለሁ።»

«እንዴ!» አሉ ጋሼ ዲሪባ። «ሁለት ሳምንት ያዘጋጀሁት ንግግርስ? መምህር በእውቀቱ ሦስት ጊዜ አርመውታል እኮ!»

አቶ ሀብተ ማርያም እየሳቁ «እንግዲያው ይናገሩት፣ እንሰማለን» አሉ። ጋሼ ዲሪባም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ገና እምቢ የተባሉ ይመስል እየለመኑ ተናገሩት። ነስረዲን በሳቅ አንገቱን ደፋ። ሃኒ በሩ ላይ ቆማ አንዴ የድንቡሼን ጎማ፣ አንዴ ዕዝራን ታያለች። ዕዝራ ከዚያ ሁሉ ንግግር አንድ ቃል አልሰማም፤ ጆሮው እንደገና ተደፍኖ ነበር።