ውጭ የሚያድረው ሰው

«ገመዱን ፍቱለት» አለች ሲስተር ሰብሌ።

ደባሱ አመነታ። ወንድሙን ምስጋኑን ከአሸተን ማርያም ግርጌ እስከ ላሊበላ ጤና ጣቢያ አስሮ ያመጣው እሱ ነው። «ይጠፋል እኮ!»

«አይጠፋም። የታሰረ ሰው ልቡን አይነግረኝም።»

ገመዱ ተፈታ፤ ደባሱም ወጣ። የምስጋኑ ሚስት ዓይናዲስ ከበሩ አጠገብ ቀረች።

ምስጋኑ ከባድመ ጦርነት ከተመለሰ ወዲህ ቤት ውስጥ ተኝቶ አያውቅም፤ ከበረቱ ጥግ ነው የሚያድር። ሰው ወደሌለበት ዞሮ «መጣሁ፣ መጣሁ» ይላል። ጠበል ቢጠመቅም የሚለፈልፍ መንፈስ አልወጣለትም። ጎረቤት «ሚስቱን ጠልቶ ነው» አለ፤ ውሎ አድሮ ዓይናዲስም አመነች።

ዓይናዲስ መርፌ ትወጋዋለች ብላ ስትጠብቅ ነርሷ ጥያቄ ብቻ ታከታትል ጀመር። እንቅልፉን፣ ምግቡን፣ ሕልሙን ጠየቀችው።

«የሚጠራዎት ማነው?»

«ከፋለ። ምሽግ ውስጥ አጠገቤ የሞተ።»

«ራስዎን ወይም ሌላ ሰው ሊጎዱ ደርሰው ያውቃሉ?»

ምስጋኑ መሬት መሬት አየ። «የመጣሁ ሰሞን፣ በሕልሜ ምሽጉ ተሰብሮ ነበር። ስነቃ ቢላዋ ይዤ ከራስጌዋ ቆሜአለሁ። እሷ ተኝታለች። ከዚያ ወዲህ እንዴት ብዬ ልግባ?»

ዓይናዲስ አንገቷን በእጇ ያዘች። ጠላኝ ብላ ስታለቅስ ያነጋቻቸው ሌሊቶች ሁሉ ፊቷ ላይ ተደቀኑ።

ሲስተር ሰብሌ ደባሱን አስጠራችው። «ጠበሉን አታስተዉት፤ ግን ይህ የጦርነት ቁስል ነው። ማሰር ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም። መድኃኒቱን ይውሰድ፤ በየሳምንቱ መጥቶ ያጫውተኝ። ስለት ያለው ነገር ከቤት ይውጣ። በአንድ ጣሪያ ሥር በየመደባችሁ ተኙ። ሲባንን እንዳትነኪው ዓይናዲስ፤ ራቅ ብለሽ ጥሪው። ድምፁ ሲመጣበት ብቻውን አትተዉት።»

ሽቅብ ሲመለሱ ጉም ገደሉን ሞልቶት ነበር። ምስጋኑ ድንገት ቆመ።

«መጣሁ» አለ ወደ ጉሙ።

ደባሱ ሊይዘው ሲንደረደር ዓይናዲስ በእጇ ከለከለችው።

«ምስጋኑ» አለች ከቆመችበት። «ከፋለ ምን ይልሃል?»

ይህን ማንም ጠይቆት አያውቅም። ወደ እሷ ዞሮ «ውኃ» አለ። «ውኃ ነው የሚለኝ።»

ዓይናዲስ ከመንገዱ ዳር ተቀመጠች። ምስጋኑም ከገደሉ ፈቀቅ ብሎ፣ ከእሷም ራቅ ብሎ፣ ተቀመጠ። ከታች ነፋሱ ያፏጫል። እሷም ጆሮዋን ጣለች።